ሁለቱን ቢጫ በሽታዎች ያምታቱት ሐኪም

በጋሞ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች ዝናቡ ሲበረታ ወይም የመስኖ ውኃ በሙዝ ማሳው ውስጥ ሲለቀቅ ትኩሳት የብዙ ቤቶች እንግዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወባ ሆኖ ይገኛል። ከታመሙት መካከል የአንዱ ዓይን ቢጫ የሆነ እንደሆነ ግን ወሬው ይለወጣል። ጎረቤቱ የወፍ በሽታ ይዞታል ይላል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ቅጠል ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። የወፍ በሽታ ግን የምልክት ስም እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ጉበትን የሚጎዳ ሕመም ሁሉ ዓይንን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል።

ከእነዚህ ሕመሞች መካከል ሁለቱ ከእንስሳት ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው ቢጫ ወባ ሲሆን ከጫካ ጦጣዎች በወባ ዓይነት ትንኝ ሳይሆን በሌላ ዝርያ ትንኝ ንክሻ ወደ ሰው የሚሻገር የቫይረስ በሽታ ነው። ሁለተኛው ሌፕቶስፓይሮሲስ ይባላል። ይህኛው በአይጥ፣ በከብት፣ በአሳማና በውሻ ኩላሊት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ በሽንታቸው ወጥቶ እርጥብ መሬትንና ውኃን የሚበክል ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ባክቴሪያው ሌፕቶስፓይራ ተብሎ የሚጠራው ሂዴዮ ኖጉቺ በተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ስያሜ ነው። እኒሁ ሐኪም ሁለቱን በሽታዎች አንድ ናቸው ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል፤ ክርክሩን ለመቋጨት በመጡበት በአፍሪካ ምድርም ሕይወታቸው አልፏል።

ኖጉቺ የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 9 ቀን 1876 በሰሜን ጃፓን ፉኩሺማ ግዛት ኢናዋሺሮ በተባለ የገበሬ መንደር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሴይሳኩ ነበር። ቤተሰቡ እጅግ ድሃ ነበር፤ አባትየው መጠጥ ያበዙ ስለነበር የቤቱ ሸክም በእናትየው በሺካ ትከሻ ላይ ወደቀ። የአካባቢው ቤቶች ምድጃ ወለሉ መካከል ተቆፍሮ የሚሠራ ነው። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሥራ ላይ ሳሉ እሳቱ ውስጥ ወደቀ። ሕይወቱ ቢተርፍም የግራ እጁ ጣቶች ተቃጥለው እርስ በርሳቸው ተጣበቁ።

በገበሬ ቤት እጁ የማይሠራ ወንድ ልጅ ዕጣው ምን እንደሚሆን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ዶማ የማይጨብጥ ልጅ ሩዝ አይተክልም። እናቱ ይህን ስላወቁ ልጁ በትምህርት እንዲኖር ቆረጡ፤ ለዚህም በቀን ማሳ ሲሠሩ፣ በተረፈው ጊዜ ሸክም ሲሸከሙና ከውኃ ዓሣ እያወጡ ሲሸጡ ኖሩ። ልጁም አላሳፈራቸውም። ኮባያሺ የተባሉ መምህር ችሎታውን ተመልክተው ከአንደኛ ደረጃ በላይ እንዲቀጥል ረዱት። በኋላም መምህራኑና አብረውት የሚማሩት ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አሜሪካ ተምረው ወደ ተመለሱ ዋታናቤ ወደተባሉ ሐኪም ላኩት፤ ሐኪሙም የተጣበቁትን ጣቶች በቀዶ ሕክምና አላቀቁለት። እጁ ሙሉ በሙሉ ባይድንም ዕቃ መያዝ ቻለ። ወጣቱ በዚያው ሐኪም ቤት ተላላኪና ተማሪ ሆኖ ቀረ፤ ሐኪም ለመሆንም ወሰነ።

በ1897 የሐኪምነት ፈተናውን አለፉ፤ ገና 21 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ስማቸውንም ሂዴዮ ብለው የለወጡት በዚያው ሰሞን ነው። ቀጥሎ ቶኪዮ በሚገኘው በታዋቂው ሳይንቲስት በኪታሳቶ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም፣ ከዚያም በዮኮሃማ ወደብ የመርከብ መንገደኞችን በሚመረምረው የለይቶ ማቆያ ጣቢያ ሠሩ። አንድ የአሜሪካ ፕሮፌሰር ጃፓንን ሲጎበኙ በአስተርጓሚነት አገልግለዋቸው ነበርና በ1900 መጨረሻ ያንን ትውውቅ ስንቅ አድርገው ባሕር ተሻገሩ። ፕሮፌሰሩ ሳይመን ፍሌክስነር ይባላሉ፤ ፊላዴልፊያ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ወጣቱ ሳይጠሩ በራቸው ላይ ሲቆሙ ለመመለስ አልጨከኑም። የእባብ መርዝ እንዲያጠኑ ሥራ ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ፈጣን ነበር። ዴንማርክ ሄደው ተማሩ፤ በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ አዲስ በተከፈተው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ገቡ። ቀንና ሌሊት የማይለዩ፣ እንቅልፋቸውን ከሥራ ቀንሰው የሚተኙ ሰው ነበሩ ይባላል። በ1913 በመጨረሻ ደረጃው አእምሮን በሚያናጋው የቂጥኝ በሽታ ከሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የበሽታውን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አግኝተው አሳዩ። ይህ እስከ ዛሬ የቆመ ትልቅ ግኝት ነው። ለኖቤል ሽልማትም በተደጋጋሚ ታጭተዋል።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ሁለት ነገሮች ተመዝግበዋል። አንደኛው፣ የቂጥኝን ባክቴሪያ በብልቃጥ አሳድጌአለሁ ብለው ያወጡትን ሥራ ሌሎች ደግመው ሊያገኙት አልቻሉም። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ለቂጥኝ መመርመሪያ የሠሩትን ፈሳሽ ፈቃዳቸው ባልተጠየቀ ሕሙማንና ሕፃናት ላይ ሞክረዋል ተብለው በብርቱ ተወቅሰዋል። የኖጉቺን ሕይወት የሚተርኩ የልጆች መጻሕፍት ይህን ያልፉታል። ኋላ ለመጣው ስህተት ሥሩ ግን እዚህ ነው፤ ቶሎ ለማግኘትና ቀድሞ ለማሳወቅ መቸኮል።

አሁን ወደ ሌፕቶስፓይሮሲስ እንመለስ። በ1886 አዶልፍ ዌይል የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በድንገተኛ ትኩሳት ተጀምሮ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ፣ ኩላሊትንና ጣፊያን የሚጎዳ በሽታ ገለጹ፤ መንሥኤውን ግን አላወቁትም። መንሥኤው የተገኘው በጃፓን ነው። በኪዩሹ ደሴት ውኃ በሚቋጥሩ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች የሚሠሩ ሰዎች በዚህ በሽታ ይታመሙ ነበር። ኢናዳና ኢዶ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1914 እና በ1915 ባደረጉት ምርምር ቀጭን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ከሕሙማኑ ደም አገኙ፤ በሽታውን ተሸክሞ የሚዞረው አይጥ መሆኑም በዚያው ሰሞን ተረጋገጠ። ኖጉቺ በበኩላቸው የኒው ዮርክን የዱር አይጦች ያዙ፤ መረመሩ፤ ያንኑ ባክቴሪያ በኩላሊታቸው ውስጥ አገኙት። ከሌሎች ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች የተለየ ወገን መሆኑን አስረድተው በ1917 ሌፕቶስፓይራ አሉት፤ ትርጉሙ ቀጭን ጥምዝ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራቸው እንከን የለበትም።

ከእርሳቸው አሥር ዓመት ቀድሞ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በቢጫ ወባ ሞተ ከተባለ ሰው ኩላሊት ውስጥ ጫፉ እንደ ጥያቄ ምልክት የተቆለመመ ባክቴሪያ አይቶ ነበር። ዛሬ ሲታይ ያ ሰው የሞተው በቢጫ ወባ ሳይሆን በሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። ስህተቱ ከኖጉቺ በፊትም በበሽተኛው አልጋ ላይ ነበረ ማለት ነው፤ የሁለቱ በሽታዎች መልክ ይህን ያህል ይመሳሰላል። ሁለቱም በድንገተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በጡንቻ ሕመም ይጀምራሉ። ሁለቱም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጋብ ያሉ መስለው ሊመለሱ ይችላሉ። ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ያንሳል፤ ደም ሊፈስ ይችላል።

የፓናማ ቦይ በ1914 ከተከፈተ ወዲህ ቢጫ ወባ በመርከብ ተጭኖ እስያ ይገባል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር። የሮክፌለር ድርጅት በሽታውን ከምንጩ ለማጥፋት ተነሣና በ1918 ኖጉቺን ወደ ኢኳዶር፣ ጓያኪል ወደተባለችው የወደብ ከተማ ላከ። እዚያ በደረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንሥኤውን አገኘሁ አሉ። የአካባቢው ሐኪሞች ቢጫ ወባ ነው ብለው ካሳዩአቸው ሕሙማን ደም ወስደው ጊኒ ፒግ በተባሉ ትንንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ወጉ። እንስሳቱ ታመሙ፤ ቢጫም ሆኑ፤ በደማቸው ውስጥም ጠመዝማዛው ባክቴሪያ ተገኘ። ኖጉቺ አዲስ ዝርያ ነው ብለው ሌላ ስም ሰጡት፤ ክትባትና ሴረም አዘጋጁ። ኢኳዶር የክብር ኮሎኔል አደረገቻቸው። እናታቸው ሺካ የሞቱትም በዚያው ዓመት ነው፤ ልጃቸው አጠገባቸው አልነበረም።

ስህተቱ የቱ ላይ እንደነበረ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ጊኒ ፒግ በቢጫ ወባ ሲወጋ እንደ ሰው አይታመምም፤ በሌፕቶስፓይሮሲስ ግን ክፉኛ ይታመማል። አይጥ በሚርመሰመስባት የወደብ ከተማ ቢጫ ከሆኑት ሕሙማን መካከል ጥቂቶቹ የሌፕቶስፓይሮሲስ በሽተኞች እንደነበሩ ይታመናል። ኖጉቺ መረባቸውን የጣሉት ቢጫ ወባን ሊይዝ በማይችል እንስሳ ነበርና የያዙት ሌላውን በሽታ ሆነ። ከዚያ በፊት በ1900 አካባቢ በኩባ የተሠራ ምርምር የቢጫ ወባ መንሥኤ በትንኝ የሚተላለፍና በጣም ጥቃቅን ማጣሪያ እንኳ የማይዘው ነገር እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ያንን ምርምር የሠሩት ሰዎች ተቃወሟቸው። እርሳቸው አልሰሙም። ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ፔሩ፣ ወደ ብራዚል ሄደው ያንኑ ማስረጃ ይዘው ተመለሱ፤ ክትባታቸውም ለዓመታት በብዙ ሰዎች ክንድ ላይ ተወጋ። ከቢጫ ወባ ያዳነው ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩን ያፈረሰው የአንድ የእንስሳት ሐኪም ልጅ መሆኑ ለግብርና ገጽ የሚስማማ ነው። ማክስ ቴይለር ይባላል፤ አባቱ አርኖልድ ቴይለር በደቡብ አፍሪካ የከብት በሽታዎችን በማጥናት ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። ወጣቱ ከባልደረባው ጋር በ1926 የኖጉቺን አዲስ ዝርያና ዱሮ የሚታወቀውን የአይጥ ሌፕቶስፓይራ ጎን ለጎን አድርጎ መረመረና ልዩነት እንደሌላቸው አሳየ። በ1927 ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ የነበሩ ሐኪሞች አሲቢ ከተባለ የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና ሰው የተወሰደ ደም በሕንድ ጦጣ ላይ ሲወጋ ጦጣው በቢጫ ወባ እንደሚሞት አረጋገጡ፤ ምንም ዓይነት ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አልተገኘም። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት አድሪያን ስቶክስ በዚያው በሽታ ተይዘው በመስከረም ወር ሞቱ።

ኖጉቺ ወዳጅ ሳይንቲስት መሞቱን ሰምተው ቤታቸው አልተቀመጡም። ጤናቸው ተጓድሎ ነበር፤ የስኳር በሽታም ነበረባቸው። ሆኖም በኅዳር 1927 አክራ ገቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጦጣዎች አስመጥተው፣ ሌሊት ሌሊት እየሠሩ ያንን ባክቴሪያ በአፍሪካ ሕሙማን ደም ውስጥ ፈለጉት። አላገኙትም። ስድስት ወር ያህል እንዲህ ከሠሩ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ለመመለስ ሲዘጋጁ በግንቦት ወር ሌጎስ ደርሰው መጡ፤ ትኩሳቱ ያዛቸው። ሕመማቸው ቢጫ ወባ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1928 በ51 ዓመታቸው አረፉ። የአክራውን ቤተ ሙከራ ይመሩ የነበሩትና ያገለገሏቸው ዶክተር ያንግም በዚሁ በሽታ ተይዘው ከቀናት በኋላ ተከተሏቸው።

ቴይለር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከዚያው ከአሲቢ ደም በተገኘው ቫይረስ እስከ ዛሬ የሚሰጠውን የቢጫ ወባ ክትባት ሠራ፤ በ1951ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ጃፓን ኖጉቺን አልረሳችም፤ ከ2004 እስከ 2024 ባሳተመችው የአንድ ሺህ የን ገንዘብ ላይ ምስላቸው ነበረ። በቦታቸው የገባው የቀድሞው አለቃቸው የኪታሳቶ ምስል ነው። አክራ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ የሕክምና ምርምር ተቋም አለ።

የእርሳቸው ስህተት ለጋሞና ለአጎራባች ዞኖች የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በኦሞ ተፋሰስ የተነሣው ቢጫ ወባ 30,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው። በ1966 ደግሞ በፊተኛው ወረርሽኝ ያልተነካው የአርባ ምንጭ አካባቢ ተያዘ፤ 2,200 ሰዎች ታመው 450 ሞተዋል። በ2018ም በጎረቤት ወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ ታይቷል። ስለዚህ በዚህ አገር ቢጫ ዓይን ሲታይ ቢጫ ወባን መጠርጠር ትክክል ነው። የሚጎድለው ሁለተኛው ጥርጣሬ ነው።

ሌፕቶስፓይራ በኢትዮጵያ መኖሩ ካወቅነው ቆይቷል። በ1975 የታተመ ጥናት በፈረሶች፣ በከብቶች፣ በአሳማዎች፣ በፍየሎችና በበጎች ደም ውስጥ የበሽታውን ምልክት አግኝቷል። በወንጂ ሆስፒታል ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 59 ሰዎች ደግሞ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ደም ውስጥ መታየቱ በ2004 ታትሟል፤ ወንጂ የአገዳና የመስኖ አገር ነው። በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት አምስቱን ቅድሚያ ሲሰጧቸው ሌፕቶስፓይሮሲስ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከአባ ሰንጋና ከሌሎች ሁለት ጋር ተቆጥሯል።

የጋሞ ምድር ለባክቴሪያው የሚመች ነው። በቆላው በሐሬ፣ በኩልፎና በሲሌ ውኃ የሚለማው ማሳ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ገበሬው በባዶ እግሩ ይገባል፤ እግሩም ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ነው። ባክቴሪያው የሚገባው በእንዲህ ያለው ቁስልና በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በአፍ በኩል ነው። በደጋው በጨንቻ፣ በዶርዜና በቦንኬ ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ሽንቱ ከቤት የሚወጣው ወደ እንሰቱ ጓሮ ነው። ቤቱ ይሞቃል፤ ከብቱም ከሌባ ይጠበቃል። ይህን ልማድ ጣሉ ማለት አይቻልም፤ የበረቱን ወለል ተዳፋት አድርጎ ሽንቱ እንዳይቋጠር ማድረግ ግን ይቻላል። በቄራ የሚሠሩና ላም ሲያዋልዱ እጃቸውን የሚያስገቡ ሰዎችም ከሁሉ በፊት የሚጋለጡ ናቸው።

ከብቱ ራሱ ብዙ ጊዜ የታመመ አይመስልም። ምልክቱ የሚታየው በሌላ መንገድ ነው። ላም በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ትጨነግፋለች፤ ወይም ደካማ ጥጃ ትወልዳለች፤ ወተቷ በድንገት ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ይሆናል። ጥጃ ትኩሳት ይዞት ሽንቱ ይቀላል። ይህን ያየ አርቢ የተጨነገፈውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጁ ሳይነካ፣ ለውሻም ሳይጥል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበርና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መናገር አለበት። ውርጃ ሲበዛ የሚላከው የደም ናሙና ሶዶ ባለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በኩል መንገዱን ያገኛል። ምክንያቱ ሌላ የውርጃ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ምርመራው ነው።

በሰው በኩል ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቢጫ ወባ ክትባት እንጂ የሚያድነው መድኃኒት የለውም። ሌፕቶስፓይሮሲስ ግን በጊዜ ከተደረሰበት እንደ ዶክሲሳይክሊንና ፔኒሲሊን ባሉ በየጤና ጣቢያው በሚታወቁ መድኃኒቶች ይታከማል፤ ኩላሊት ሥራ ካቆመ በኋላ ግን ማዳኑ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የወባ ምርመራው ነፃ ሆኖ ትኩሳቱ ያልበረደለት፣ ባቱን ሲነኩት የሚያመው፣ ዓይኑ የቀላ ወይም ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ የጤና ባለሙያው ሁለት ጥያቄ ይጨምራል። ባለፈው ወር ጎርፍ ወይም የመስኖ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር ወይ? ቤቱ ያለች ላም ጨንግፋ ነበር ወይ? ለቢጫ ወባ ተጠርጥሮ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ደም ከቢጫ ወባ ነፃ ነው የሚል መልስ ይዞ ሲመለስ ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት የዚያ ሰው በረት ይታያል፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ መኪና ቢሄዱ ነዳጁም ይቆጠባል።